ስድስት ጆንያ ከእትዬ ቤት

የምሠራው በቆሻሻ መቀበያ ግቢ በር ላይ፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ በሚቀመጥባት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቷ ጠባብ ናት፤ መታወቂያ፣ ገንዘብና ስድብ ብቻ ታሳልፋለች። ዝቅ ብላ ስለተሠራች የባለጉዳዩን ፊት ለማየት አንገቴን መስበር አለብኝ፤ እኔ ደግሞ አንገቴን የምወድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ለአሥራ አንድ ዓመት የሰፈሩን ሰው የማውቀው በእጁ ነው። ልብስ ሰፊዋን በመርፌ በተበሳሳ ጣቷ፣ መካኒኩን ጥፍሩ ሥር በማይለቀው ጥቀርሻ እለያቸዋለሁ። አባቴ ግንበኛ ስለነበረ ሲሚንቶ የበላው እጅማ ከሩቅ ያስታውቀኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ታሪኩ ግን የኔ ሳይሆን የጋሼ ነው። ጋሼ በዚሁ በር ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ቆሟል። ቁመቱ አጭር ነው፤ ድምፁ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ጫፉ የታጠፈ የብረት ዘንግ ከእጁ አይለይም፤ በእሱ የጆንያውን አፍ ከፈት ያደርግና ጎንበስ ብሎ ያያል። «ጋሼ» የምለው እኔ ነኝ። የሰፈሩ ሰው «ሐኪሙ» ነው የሚለው፤ ምክንያቱም ፍርስራሽ አይቶ የቤቱን በሽታ ይናገራል።

ይህ ማጋነን አይደለም። አንዱ የረጠበ ልስን ይዞ ሲመጣ በጣቱ ፈርፈር አድርጎ «ጣሪያህን አትንካ፤ የሚያፈሰው የጎረቤትህ ቧንቧ ነው» ብሎታል፤ ሰውየው ሄዶ ከጎረቤቱ ጋር ተናንቆ፣ ቧንቧው እውነትም አፍስሶ ተገኝቶ፣ ሊያመሰግን ተመልሶ መጥቷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አዲስ ተጋቢዎች የቁም ሣጥን ስባሪና ግማሽ ግድግዳ ይዘው መጡ። ጋሼ ጆንያውን አየና፣ ለሕፃን አልጋ ቦታ እየተለቀቀ እንደሆነ ገብቶት፣ ሴትየዋን «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስንት ወርሽ ነው?» አላት። ልጅቷ ደነገጠች። ባልየው ከእሷ የባሰ ደነገጠ፤ ለካ ገና አልነገረችውም ነበር። ያን ቀን መስኮቴ ላይ ጎንበስ ብዬ ፊታቸውን ለማየት አንገቴን ሠዋሁ።

የጋሼ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ምን አፈረሳችሁ?» ይላል። ሰዉም ይነግረዋል። በገዛ እጁ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል የቀየረ ሰው እንዴት እንደሚኮራ ያላየ አይገባውም። ሚስቱን ያስመረረበትን ወሬ ጋሼ ያዳምጥለታል። ሲሚንቶው ስንት ቀን እንደፈጀ፣ አውራ ጣቱን በመዶሻ ስንቴ እንደቀጠቀጠ፣ የትኛው ጥግ እንደተንጋደደበት ሳያፍር ያወራል። ጋሼም ጆንያውን እያየ «እዚህ ጋ መሮህ ደንዝዞ ነበር» ይለዋል። ሰውየው «በምን አወቅክ?» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያልን ነበር የምንውለው።

ከዚያ ክፍያው መጣ። ማስታወቂያው በራችን ላይ ተለጠፈ፤ የየዕለቱ የቤት ጥራጊ እንደ ድሮው በነጻ ነው፤ ነዋሪ በገዛ እጁ ቤቱን ሲያድስ የሚያወጣው ብሎኬት፣ ሴራሚክ፣ ልስን፣ በርና መታጠቢያ ግን በጆንያ ይከፈልበታል። የሥራ ተቋራጭ ከሆነ ሦስት እጥፍ፣ ያውም ከፈቃድ ወረቀት ጋር። ገንዳው በራሱ እግር አይሄድም፤ መኪናው ነዳጅ ይጠጣል፤ ይህን ኃላፊያችን ሰብስቦ ነግሮን እኔም አምኜበታለሁ። ክፍያውም ቢሆን የሚያደኸይ አልነበረም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ትናንት በኩራት ይመጣ የነበረ ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ሌባ እየተሸማቀቀ መምጣት ጀመረ። ብሎኬቱን ከድንች ልጣጭ ሥር ይቀብራል፤ ሲያዝ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እንዴት ገባ?» ይላል። አንዱማ የእጅ መታጠቢያውን በሕፃን ጋሪ ላይ አስተኝቶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ ይዞት መጣ። ጋሼ ገለጥ አድርጎ አየና «አባቱን ይመስላል» አለው። ያ የመጨረሻው ቀልዱ ነበር ማለት ይቻላል።

ምክንያቱም ተቋራጮቹ ብልሃት አገኙ። የእነሱን ፍርስራሽ ለአሮጊትና ለሽማግሌ እያሸከሙ፣ «ከቤቴ ነው በሉ» እያሉ መላክ ጀመሩ። አንድ ምራቃቸውን የዋጡ ሽማግሌ በዚህ ዓይነት ጋሼን አልፈው ገቡ። በኋላ ተደረሰበትና ለጋሼ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት። ጡረታው ስድስት ወር ነበር የቀረው። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ የደረሰው የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነበር። ደብዳቤውን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ በኋላ ሸሚዝ በቀየረ ቁጥር ደብዳቤውም አብሮ ይዛወራል። «ምን አፈረሳችሁ?» ማለቱንም ተወ። በምትኩ «የማን ነው?» ማለት ጀመረ።

እንግዲህ ጋሼ ከበሩ ውጭ ያለውን ኑሮም ልንገራችሁ። ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ልጅ የላቸውም። የሚኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ አከራዩ ደግሞ ልጁን ሊድር ስለሆነ ክፍሉን እንዲለቅለት ነግሮታል። ለመልቀቂያ የተሰጠው ጊዜና ጡረታ የሚወጣበት ወር አንድ ላይ ገጠሙ። በዚህ ዓለም ያለው ዘመድ አንዲት ታላቅ እህት ብቻ ናት፤ እናታቸው ስትሞት እንደ እናት ሆና ያሳደገችው። እሱ «እትዬ» ይላታል፤ እኔም ከእሱ ለምጄ «እትዬ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ እሱን «ትንሹ» ነው የሚሉት፤ ጸጉሩ ሸብቶም፣ በሰው ፊትም።

ሚስቱ የሞተች ሰሞን እትዬ «ና ከኔ ጋር ኑር» ብለውት ነበር። እሱ «ሰው ጫንቃ ላይ አልወጣም» አለ። እትዬም ሁለተኛ አላነሡበትም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ ፍራፍሬ ይዞ እቤታቸው ይሄዳል፤ ግን ከበር መልስ ነው። ፌስታሉን ያቀብላል፣ ጤንነታቸውን ይጠይቃል፣ «እቸኩላለሁ» ብሎ ይመለሳል። ከገባ ስለ ክፍሉ መነሣቱ አይቀርም ብሎ ይፈራል። እነሆ የእትዬ ቤት ውስጡ ምን እንደሚመስል ካየ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው።

አሁን ግን መጠየቅ ያለበት እሱ ነበር። ይህንንም እኔ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ልምምዱ የሚካሄደው በኔ ክፍል ውስጥ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ እሱ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና «እስቲ አንቺ እትዬን ሁኚ» ይለኛል። እኔም ድምፄን አጎርንኜ «ትንሹ፣ ምን እግር ጣለህ?» እላለሁ። «እትዬ፣ ያ ያልሽኝ ነገር...» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይቀራል። አንድ ቀን «የቤት ኪራይ ልክፈልሽ» አለ። እኔ እትዬን ሆኜ «ውጣልኝ ከቤቴ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ግን ሳቁን ሳይጨርስ «እውነት እንዲህ ትለኛለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰውየው የፈራው ቤት ማጣትን ብቻ አልነበረም፤ እህቱ «ያኔ ስልህ የት ነበርክ?» እንዳይሉት ነው።

ልምምዱ ሁለተኛ ወሩን እንደያዘ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እትዬ ራሳቸው መጡ።

ቅዳሜ የኛ የጉድ ቀን ነው። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ያን ቀን ደግሞ ኃላፊያችን ፋይሉን ታቅፎ ከበሩ ጎን ቆሟል። በመስኮቴ አንድ መታወቂያ ገባ፤ ከመታወቂያው ጋር ሁለት እጅ ገባ። የአሮጊት እጅ ነው። ጣቶቹ ጫፋቸው ላይ ነጭ ሆነው ተሰነጣጥቀዋል፤ አውራ ጣቱ በጨርቅ ታስሯል፤ መዳፉ ላይ የፈነዳ ውኃ ቋጠሮ አለ። አባቴን ያስታወሰኝ እጅ ነበር። በሆዴ «እኚህ ሴትዮ በገዛ እጃቸው ሲሚንቶ እያቦኩ ነው» አልኩ። ከዚያ ስሙን ከነአባት ስሙ አነበብኩና የጋሼ እህት መሆናቸውን አወቅኩ። ደስ አለኝ። መታወቂያቸውን መዝግቤ መለስኩላቸው። ባለ ጋሪው ስድስት ጆንያ እየገፋ ወደ ጋሼ አለፈ፤ እሳቸው ከኋላ ተከተሉት፤ እኔም አንዴ ላድምጥ ብዬ በክፍሌ በር አንገቴን አወጣሁ።

ጋሼ እህቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ከዚያ ኃላፊውን አየና ፊቱን መልሶ ሰበሰበ። እትዬም ፈገግ ብለው ቆመዋል፤ አንድ ነገር ሊናገሩ የተሰናዱ ይመስላሉ። ጋሼ የመጀመሪያውን ጆንያ ከፈተ፤ ብሎኬትና አሮጌ ልስን ነው፤ አለፈ። ሁለተኛውን ሲከፍት አረንጓዴ ሴራሚክ ወጣ፤ ስብርባሪ፣ ብዙ። አንዷን አንሥቶ ገለበጣትና ጀርባዋን አየ። ሌላ አነሣ፤ አሁንም ጀርባውን አየ። ንጹሕ ነው፤ የሲሚንቶ ምልክት የለበትም።

የጋሼን ሙያ ለማያውቅ ይህ ምንም አይደለም። ለእሱ ግን ደብዳቤ ነው። ከግድግዳ የተነቀለ ሴራሚክ ጀርባው ላይ የቆየ ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል። ጀርባው ንጹሕ የሆነ ግድግዳ ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ አዲስ ሲለጠፍ ተቆርጦ የተጣለ ነው። አዲስ ሴራሚክ የሚለጥፍ ደግሞ ባለሙያ ነው፤ ባለሙያ ከሆነ ተቋራጭ ነው። የእህቱን ቤት እሱ እስከሚያውቀው ድረስ አንድም አረንጓዴ ሴራሚክ የለበትም። ጆንያውን እንደ ወትሮው አነበበው፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው።

ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ፣ ኃላፊው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የማን ነው?» አለ።

እትዬ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀረ። «የኔ ነዋ። ከቤቴ ነው» አሉ።

«ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው። ማን ነው የላከዎት?» አለ። «እርስዎ» እያለ ነበር የሚናገረው፤ ለዘመድ እንደማያደላ ሊያሳይ ነው መሰለኝ።  ባለ ጋሪው መሬት መሬት ያያል።

«ማንም አልላከኝም፤ ከቤቴ ነው አልኩህ።»

«የእርስዎን ቤት ግድግዳ እኔ አውቀዋለሁ።»

እትዬ ረጋ ብለው አዩት። «ታውቀዋለህ?» አሉ። «መቼ ነው ያየኸው?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ በተቋራጭ ታሪፍ እንድጽፍ፣ የፈቃድ ወረቀትም እንድጠይቅ ነገረኝ። እትዬ ወደ መስኮቴ አልተመለሱም። ለባለ ጋሪው በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ጋሪውን አዞረና ስድስቱን ጆንያ ይዞ በሰልፉ ጎን ወደመጣበት ተመለሰ። እሳቸውም ወገባቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው ተከተሉት።

ያን ሰዓት «ጋሼ፣ እጃቸውን አይቻለሁ፤ ራሳቸው ናቸው የሠሩት» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ከስድስት ቃል አይበልጥም። ግን ኃላፊው ቆሟል፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ የኔም እንጀራ ያለው እዚያው መስኮት ላይ ነው። ምላሴን ነክሼ የሚቀጥለውን መታወቂያ ተቀበልኩ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ጋሼ ኮፍያውን አላወለቀም። «በዚህ ዕድሜዋ ተቋራጭ ይጫወትባት?» አለ። «ገንዘብ ቸግሯት ከሆነ ለኔ አትነግረኝም?» ተናዶ ነበር፤ ያዘነው ግን ከተናደደው ይበልጥ ነበር። እኔ ያኔም ዝም አልኩ። አሁን ብነግረው «እዚያው ቆመሽ ለምን አልተናገርሽም?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ የባሰ ከበደኝ። እንዲህ እያልኩ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አራት ሳምንት አለፈ። ጋሼ በወሩ መጨረሻ ፍራፍሬውን ይዞ አልሄደም። እትዬም አልመጡም።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን መስኮቱን ስዘጋ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አከራዩ መጥቶ ቁርጡን ነግሮታል። «እስቲ አንቺ እትዬን ሁኚ» አለኝ።

«አልችልም» አልኩት።

«ምነው?»

«እጃቸውን አይቻለሁ ጋሼ። ያን ቀን። ሲሚንቶ የበላው እጅ ነው። ሴራሚኩን የቆረጡት ራሳቸው ናቸው።»

 ይጮህብኛል ወይም ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ያለው ነገር ቢኖር «ለዚህ ነው ብዙ የተሰበረው» ብቻ ነው። እንደገና አነበበው ማለት ነው። ባለሙያ ያን ያህል አይሰብርም። አንድ ለማስተካከል ሁለት የሚሰብረው ጀማሪ ነው። ይህን እሱ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያን ቀን ግን ኪሱ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ነበር የሚያነብለት።

በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። «ሽምግልና ነው?» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ፤ አልሳቀልኝም። ፍራፍሬ ገዛ። የእትዬ ቤት በር ላይ ደርሰን ከማንኳኳቱ በፊት ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

እትዬ ከፈቱልን። አልተቆጡም፤ እሱ ነው የባሰው። «ግቡ» ብለው መንገድ ለቀቁ። የግቢው መተላለፊያ ላይ ስድስቱ ጆንያዎች አፋቸው እንደታሰረ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። በጎናችን እየተሹለከለክን አለፍን። ጋሼ እያንዳንዱን እያየ ነበር የሚሄደው። ከመተላለፊያው ጫፍ ላይ አዲስ በር አለ፤ በዋናው ቤት ሳያልፉ ከግቢው በቀጥታ ወደ አንድ ክፍል ያስገባል። በሩ ሥር የሴት ነጠላ ጫማ ተቀምጧል፤ ከውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል።

እትዬ አንኳኩና «ወንድሜ ክፍሉን ማየት ፈልጎ ነው» አሉ። አንዲት ወጣት ሴት ከፈተችልን፤ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ናት፤ ሰማያዊ ጨርቅ አልጋው ላይ ተከምሯል። ፈገግ ብላ አሳየችን። ድሮ ሁለት የነበሩት ዕቃ ቤቶች ተቀላቅለው አንድ ደህና ክፍል ሆነዋል። በአንድ ጥግ የራሱ መታጠቢያ ቤት አለው፤ ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ሴራሚክ ለብሷል። የታችኛው ረድፍ ተንጋዷል፤ ሁለተኛው ትንሽ ተሻሽሏል፤ የላይኛው ውኃ ልክ ነው። የእጅ መታጠቢያው ዝቅ ብሎ ነው የተተከለው። መስታወቱም ዝቅ ብሎ ነው። ልጅቷ ሳቅ ብላ «ፀጉሬን ሳበጥር ጎንበስ እላለሁ» አለችን። ጋሼ ሄዶ መስታወቱ ፊት ቆመ። ልክ ፊቱ ላይ ነበር።

ከዚያ ወደ እትዬ ሳሎን ገባን። እትዬ ውኃ አቀረቡልን። ጋሼ ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣ «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» አለ።

እትዬ ከፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ከዚያ መናገር ጀመሩ። ባለሙያ ቢጠሩ ወሬው እሱ ጋ እንዳይደርስ ፈርተው እንደነበረ፣ ሴራሚኩን ከተራረፈበት ሱቅ በርካሽ እንደገዙት፣ መቁረጫውን ከጎረቤት እንደተዋሱ፣ ግድግዳውን ለማፍረስ ብቻ አንድ ወር ሙሉ በቀን በቀን ትንሽ ትንሽ እየመቱ እንደቆዩ ነገሩን። የራሱ በርና የራሱ ውኃ እንዲኖረው ያደረጉት «ሰው ጫንቃ ላይ አልወጣም» ያለውን ቃል ስላልረሱ ነው። ጡረታ የሚወጣበትን ወርም ያውቁ ነበር።

«ያን ቀን የመጣሁት ላንተ ብዬ ነው» አሉት። «ፍርስራሹን ለመጣልማ ባለ ጋሪው ብቻውን ይበቃ ነበር። ጆንያውን ከፍተህ ‹ምን አፈረስሽ?› ትለኛለህ ብዬ፣ መልሱን መንገድ ሙሉ እያጠናሁ ነው የመጣሁት።»

ጋሼ «ምን ልትዪኝ ነበር?» አለ።

«አሁን ምን ያደርግልሃል?»

«ንገሪኝ።»

እትዬ እጃቸውን አዩ። «‹ግድግዳ አፈረስኩ፤ አንተን ላስገባ ብዬ› ልልህ ነበር» አሉ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ የዚያን ክፍል በር ሳይቆልፉ እንደጠበቁት ነገሩት። ንዴቱ ሲበርድለት ይመጣል ብለው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ፣ የምትጠጋበት አጥታ መጣች፤ አስገቧት። «አስወጪያት ካልከኝ አልችልም» አሉ። «ሰው አስገብቼ ሰው አላስወጣም።»

«አልልሽም» አለ ጋሼ።

 ሁለቱ ሳምንታት የኔ ዝምታ ሳምንታት ናቸው። ያን ቀን ማታ ብነግረው በማግስቱ እዚህ በር ላይ ይገኝ ነበር። ሳላስበው አፌ ተከፈተና እጃቸውን አይቼ እንደነበረ፣ ፈርቼ ዝም እንዳልኩ ለእትዬ ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ግን «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ የማታውቂኝ ሰው ነሽ» አሉኝ። «የሚያውቀኝ እሱ ነበር።»

ከዚህ የከፋ ነገር ለጋሼ ማንም ሊለው አይችልም ነበር። ውኃውን ሳይጠጣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ጡረታው በሰላም ወጣ። ሁለተኛ ደብዳቤ አልተጻፈለትም። መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት ሰጠው፤ «በታማኝነት» የሚል ቃል አለበት። ከከተማው ዳር፣ ሁለት ታክሲ በሚያስቀይር ቦታ፣ አንዲት ክፍል ተከራየ። በሩ ላይ ሌላ ሰው ተተካ፤ ጎበዝ ነው፤ የብረት ዘንጉን ግን እንዴት እንደሚይዘው አያውቅበትም።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ በመስኮቴ አንድ መታወቂያ ገባ። እጁን አውቀዋለሁ፤ የቀኝ መዳፉ ላይ ዘንጉ ለሃያ ሦስት ዓመት ያደነደነው ቆዳ አለ። ቀና ብዬ አየሁት። ጋሼ እንደ ማንም ሰው ተራውን ጠብቆ ቆሟል፤ ከኋላው የእጅ ጋሪ፣ በጋሪው ላይ ስድስት ጆንያ። ያ ሁሉ ጆንያ እትዬ እየተሹለከለኩ የሚያልፉበትን መንገድ ዘግቶባቸው ከርሟል። ባለ ጋሪ እንኳ አልቀጠረም፤ ራሱ እየገፋ ነው ያመጣው።

መታወቂያውን መለስኩለትና ዝም ብሎ እንዲያልፍ በዓይኔ ምልክት ሰጠሁት። ራሱን ነቀነቀ። «ጻፊ» አለኝ። «በነዋሪ ታሪፍ። የነዋሪ ሥራ ነው።»

ተተኪው ጆንያውን ሊከፍት ሲመጣ «ቆይ» አልኩት። ክፍሌን ዘግቼ ወጣሁ። ዘንጉን ተቀበልኩትና የሁለተኛውን ጆንያ አፍ እኔው ከፈትኩ። አረንጓዴዎቹ እንደነበሩ ናቸው። ሰልፉ እያጉረመረመ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሰልፉን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ምን አፈረሳችሁ?»

 መልሱን ያውቀው ነበር፤ እሱም እንደ እህቱ መንገድ ሙሉ ሲያጠናው ሳይመጣ አልቀረም።

«እህቴ ናት» አለ። «ግድግዳ አፈረሰች፤ እኔን ልታስገባ ብላ።»

ደረሰኙን ጻፍኩለት። ከፈለ። ብሎኬቱን በብሎኬት ገንዳ፣ ሴራሚኩን በሴራሚክ ገንዳ፣ ማንም ሳያግዘው ለይቶ ገለበጠ፤ ደንቡ ያንን ይላል። ባዶዎቹን ስድስት ጆንያዎች አራግፎ፣ አንድ በአንድ አጥፎ ብብቱ ሥር ያዘ። የእትዬ ስለሆኑ ሊመልስላቸው ሄደ።